ፊኒክስ፦ ከአመዳይ የተሠራው የአንታርክቲካ መንደርደሪያ

አብዛኛውን ጊዜ የምጽፈው ስለ ምግብ ቤትና ስለ መኪና ዕቃ ነው። ዛሬ ስለ አንድ የአውሮፕላን መንደርደሪያ ልጽፍ ነው። አስፋልት የለውም። ኮንክሪት የለውም። ከሥሩ መሬት እንኳ የለም፤ ባሕር ላይ የተንሳፈፈ ግግር በረዶ ነው ያለው። መንደርደሪያው ራሱ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የተጠቀጠቀ አመዳይ ነው። እዚህ ላይ ከ200 ቶን በላይ ሊመዝን የሚችል አውሮፕላን በጎማው ያርፋል። በበረዶ ሸርተቴ አይደለም፣ በጎማ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። እኛ "በረዶ" ስንል ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም ማለታችን ነው። እዚህ ግን ልዩነቱ ዋናው ጉዳይ ነው። ስለዚህ እንደ ዱቄት የሚወርደውን፣ ዴንቨርም ዋሽንግተንም ያለን ሰዎች ስኖው የምንለውን፣ አመዳይ እለዋለሁ። እንደ ድንጋይ የጠጠረውን በረዶ እለዋለሁ።

ቦታው ፊኒክስ ይባላል። ማክመርዶ ከሚባለው የአሜሪካ የምርምር ጣቢያ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እኔ ዴንቨር ውስጥ ሹፌር ነኝ። አንድ ወቅት፣ ከኦክቶበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ እዚያ ሰው የማመላለስ ኮንትራት አግኝቼ ሄጄ ነበር። ሥራዬ ከአውሮፕላን የሚወርዱትን ወደ ጣቢያው፣ የሚሄዱትን ደግሞ ወደ መንደርደሪያው ማድረስ ነው። በቀን ሁለት ሦስቴ ስለምመላለስ የመንደርደሪያውን ሠራተኞች ከማንም በላይ አይ ነበር። እንደ ተሳፋሪም እንደ ጎረቤትም ነው የማወራው።

መጀመሪያ እንደ ተሳፋሪ። ከኒውዚላንድ፣ ከክራይስትቸርች ከተማ ነው የሚነሳው። ሲ-17 በሚባለው ትልቁ የጭነት አውሮፕላን 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መስኮቱ ጥቂት ነው፣ ጩኸቱ ብዙ ነው፣ የጆሮ መድፈኛ ይሰጣችኋል። እየወረድን መሆኑን ያወቅሁት በጆሮዬ ነው። ልቤ እየመታ፣ አሁን ይንሸራተታል፣ አሁን ይሰምጣል እያልኩ ስጠብቅ ጎማው ነካ። በቃ። ቦሌ ላይ እንደማረፍ ነው። ትንሽ ተርገፈገፈ፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ጮኸ፣ ቆመ። ከጎኔ የነበረችው ሳይንቲስት፣ ለብዙ ዓመት የተመላለሰች ሴት፣ ፊቴን አይታ ሳቀችና "ሁሉም ሰው መጀመሪያ እንዲህ ነው" አለችኝ።

ወርጄ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ተረከዜን መሬቱ ላይ መምታት ነው። ያን ትልቅ ቦት ጫማ ለብሼ በደንብ ረገጥኩት። ምልክት እንኳ አልተወም።

መጠኑን ለማወቅ ያህል፦ ርዝመቱ 3,350 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 67 ሜትር ነው። የቦሌው ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው። ስለዚህ የገጠር ሜዳ አይምሰላችሁ። ሙሉ መንደርደሪያ ነው።

ለምን ጎማ አስፈለገ ለሚል፦ በሸርተቴ የሚያርፉ አውሮፕላኖች አሉ፤ ኤልሲ-130 ይባላሉ። ድንቅ ናቸው፣ ደቡብ ዋልታ ድረስ የሚሄዱትም እነሱ ናቸው። ግን ጥቂት ናቸው፣ ቀርፋፋ ናቸው፣ ከክራይስትቸርች 8 ሰዓት ገደማ ይወስድባቸዋል፣ የሚጭኑትም ከሲ-17 ጋር አይወዳደርም። ጎማ የሚችል መንደርደሪያ ካለ ግን ሸርተቴ ያልተገጠመለት መደበኛ አውሮፕላን ይመጣል። የኒውዚላንድ አየር ኃይል ቦይንግ 757 እንኳ መጥቶ አርፎበታል። ሰውም ዕቃም ደብዳቤም ሰላጣም የሚመጣው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይሄ ነገር እንዴት ይሠራል?

እኔ የገመትኩት ቀላል ነበር። ሮለር አምጥቶ መዳመጥ፣ አለቀ። እውነቱ ሌላ ነው። አመዳዩን መጀመሪያ በዶዘርና በግሬደር ያስተካክላሉ። ከዚያ በስሱ፣ አንድ ንብርብር ብቻ ያነጥፉና ይጠቀጥቁታል። ከዚያ ሌላ ንብርብር። በአንዴ ወፍራም አድርገው ቢያነጥፉት ከላይ ይጠጥርና ከሥር ላላ እንዳለ ይቀራል፤ አውሮፕላኑ ሲመጣ እንደ ቂጣ ይሰበራል። አመዳዩን የሚፈጭ መሣሪያም አለ። ቅንጣቱ ትልቅና ትንሽ ሆኖ ሲደባለቅ ትንሹ በትልቁ መሃል ይገባል፣ አየር ይወጣል። ጠጠርና አሸዋ ሲደባለቅ እንደሚሆነው ማለት ነው። በቁጥር ካያችሁት፣ እዚያ አካባቢ ያልተነካው አመዳይ በኪዩቢክ ሜትር ከ350 እስከ 400 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከተጠቀጠቀ በኋላ ከ600 ያልፋል። ንጹሕ በረዶ 917 ነው። ስለዚህ በረዶ ሆነ ማለት አይደለም። አሁንም አየር አለው፣ አሁንም ነጭ ነው። ግን ሌላ ነገር ሆኗል።

ከሁሉም ያስገረመኝ ደግሞ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ምንም አይሠሩም።

አንድ ቀን ጸጥ ያለ፣ ፀሐያማ፣ ለሥራ የሚመች ቀን ነበር። ሁሉም ማሽን ቆሟል። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ፂሙ ሸበት ያለ፣ ሮለር የሚነዳው ሰውዬ ቡና ሲጠጣ አገኘሁት። "ዛሬ ለምን አትጠቀጥቁም?" አልኩት። ወደ መንደርደሪያው በጣቱ አሳየኝና "ዛሬ ተረኛው እሱ ነው፤ እየሠራ ነው፣ ተዪው" አለኝ። አልገባኝም። ተቀምጦ አስረዳኝ።

ፍሪጅ ውስጥ የበረዶ ኩብ በጎድጓዳ ሳህን ብታስቀምጡ፣ ሳይቀልጥ እርስ በርሱ ይጣበቃል አይደል? አንዱን ለማንሳት ስትሞክሩ ሦስቱ አብረው ይነሳሉ። አመዳይም እንደዚያ ነው። የተጠጋጉት ቅንጣቶች በሚነካኩበት ቦታ ላይ ትንሽ የበረዶ አንገት ያበቅላሉ። አንገቱ በየሰዓቱ፣ በየቀኑ ይወፍራል። መጠቅጠቅ ማለት ቅንጣቶቹን ማቀራረብ ብቻ ነው። ጥንካሬው የሚመጣው ከተቀራረቡ በኋላ ሲተዉ ነው። አየሩ ሞቅ ሲል፣ ማለትም ከዜሮ ትንሽ ብቻ ሲወርድ፣ አመዳዩ ይለሰልሳል፣ ለመጠቅጠቅ ይመቻል። ከዚያ ብርዱ ሲመለስ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ለዚህ ነው ትልቁ የመጠቅጠቅ ሥራ አውሮፕላን በማይበዛበት ሞቃት ጊዜ የሚሠራው።

ያን ቀን ማታ አገር ቤት ደወልኩ። እናቴ ጎጃም ገጠር ነው ያደገችው። የት እንዳለሁ ለማስረዳት ስንት ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም ነበር። "አውሮፕላኑ የሚያርፈው በምን ላይ ነው?" ትለኛለች፣ "በአመዳይ" እላታለሁ፣ "ኧረ ተይ ልጄ" ትለኛለች። ያን ቀን ግን ሰውዬው እንደነገረኝ አድርጌ ነገርኳት። ደልድለው፣ በስሱ አንጥፈው፣ ረግጠው፣ ከዚያ እንዳይነካ ይተዉታል አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ "አውድማ ነዋ!" አለች። "እኛስ አውድማ ስናሰናዳ መች ያው ቀን እንወቃበታለን? ደልድለን፣ ረግጠን፣ በእበት ለቅልቀን፣ እስኪደርቅ ከብት እንዳይገባበት እንጠብቃለን እንጂ። ቸኩለሽ በሬ ካስገባሽበት ይላጥና እህልሽ አፈር ይበላል።" እኔ በአምስት ወር ያልተረዳሁትን እሷ ስልክ ላይ በአንድ ደቂቃ ጨረሰችው። ከዚያ ወዲህ ፊኒክስን ሳስብ የሚመጣልኝ አውድማ ነው።

ጠነከረ ብለው ግን ዝም ብለው አያምኑም። ሁለት ፈተና አለ። አንደኛው ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ዘንግ ነው። ከላይ ክብደት ይለቁበታል፣ ስንት ጊዜ ተመትቶ ምን ያህል እንደገባ ይቆጥራሉ። መጀመሪያ ሩሲያውያን የተጠቀሙበት ስለሆነ እዚያም በሩሲያ ስም ነው የሚጠሩት። መንደርደሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ግራ ቀኝ፣ በየቦታው ይወጋሉ። ሁለተኛው ደግሞ የፈተና ጋሪ ነው። ትልቅ፣ በጣም ከባድ፣ ጎማው ልክ እንደ አውሮፕላኑ ጎማ የተነፋ ጋሪ በትራክተር እየተጎተተ ሁሉም ቦታ ላይ ይሄዳል። የሚሰምጥ ቦታ ካለ ጋሪው ይስመጥ፣ አውሮፕላኑ ከሚሰምጥ። የተሰበረው ይቆፈራል፣ አዲስ አመዳይ ይሞላል፣ ይጠቀጠቃል፣ እንደገና ይተዋል። ይሄን ሳይ ነው ሙሉ እምነት የጣልኩት። ሲ-17 14 ጎማ አለው። ለእያንዳንዳቸው አስቀድሞ ሄዶ የተፈተነ ቦታ ነው።

ፊኒክስ የመጣበት ምክንያትም መታወቅ አለበት። ከእሱ በፊት ፔጋሰስ የሚባል መንደርደሪያ ነበር። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 1970 በማዕበል (ማዕበል የምለው ኃይለኛውን የንፋስና የአመዳይ ውሽንፍር ነው) መሃል ለማረፍ ሲሞክር ከተሰበረ አውሮፕላን ነው። አንድም ሰው አልሞተም። ስብርባሪው እስከ ዛሬ በአመዳይ በከፊል ተቀብሮ እዚያው አለ። ፔጋሰስ በግግር በረዶ ላይ የተሠራ ነበር፣ ከላይ ስስ የተጠቀጠቀ አመዳይ ነበረው። ለብዙ ዓመት ጥሩ አገልግሏል። ያሸነፈው አቧራ ነው። ብላክ አይላንድ ከምትባለው ደሴት ንፋስ ጥቁር አቧራ እያመጣ ይበትንበታል። ነጭ ነገር ፀሐይን ይመልሳል፣ ጥቁር ነገር ግን ይውጣታል። እዚያ ደግሞ በበጋ ፀሐይ አትጠልቅም፤ ሃያ አራት ሰዓት ነው። ትንሽ ጥቁር ቅንጣት ሞቃ፣ ቀዳዳ ሠርታ ትሰምጣለች፣ ቀዳዳዎቹ ይገናኛሉ፣ ኩሬ ይሆናል። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2016 ተዘጋ። ፊኒክስ ንጹሕ አመዳይ በብዛት የሚከማችበት ቦታ ተመርጦ ተሠራ፣ ፌብሩዋሪ 2017 ላይ የመጀመሪያው ሲ-17 አርፎ ሞከረው። ሲታቀድ በዓመት ለ60 ያህል የጎማ በረራ ነው።

ይሄ የአቧራ ነገር ሥራዬን ቀጥታ ይነካ ነበር። ማክመርዶ ያለው የእሳተ ገሞራ አፈር ነው፣ ጥቁር። ከአፈሩ ወጥተን ወደ ግግር በረዶው የምንገባበት መሸጋገሪያ አለ። እዚያ ላይ ጎማችን ጭቃ ይዞ ከገባ መንገዱ ይቀልጣል፤ መንገዱም እኮ የተጠቀጠቀ አመዳይ ነው። ዘይት የሚያንጠባጥብ መኪና ማለት እዚያ ወንጀል ነው ማለት ይቻላል። ሲቆም ከሥሩ መያዣ ይደረጋል። እኔ ዴንቨር ላይ ዘይት ጠብ ሲል ግድ የማይሰጠኝ ሰው፣ እዚያ ሆኜ አንዲት ጠብታ ካየሁ በአካፋ አንስቼ ከረጢት ውስጥ እከት ነበር።

ጥገናው ማለቂያ የለውም። ማዕበል ሲመጣ አዲስ አመዳይ ይከመራል። አንድ ሳጥን እንኳ ረስታችሁ ብትሄዱ በማግሥቱ ከኋላው ጉብታ ሠርቶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ መንደርደሪያው ከዙሪያው ከፍ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ንፋሱ ጠርጎት እንዲያልፍ። የመጣውን ደግሞ ወይ ይጠርጉታል፣ ወይ በስሱ አነጣጥፈው የመንደርደሪያው አካል ያደርጉታል። ይሄ ነው የአስፋልትና የአመዳይ ልዩነት። አስፋልት ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ያረጃል። ይሄኛው ግን እየተሠራ ነው የሚኖረው። ሌሊት (ሌሊት ስል ፀሐይ እላያችን ላይ ሆና ነው) ሰው ልወስድ ስሄድ ሮለሩ በዝግታ ሲሄድ አየዋለሁ። ማንም ተሳፋሪ አያየውም።

አሁን የማይመቸውን ልናገር።

አንደኛ፣ በጣም ሞቃት በሆኑት ሳምንታት፣ ከዲሴምበር መጀመሪያ ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ወይም ከዚያ በላይ፣ ሲ-17 አይመጣም። አመዳዩ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ አንገቶቹ ይለሰልሳሉ፣ ያን ሁሉ ክብደት መሸከም አይችልም። ሸርተቴዎቹ ግን ይቀጥላሉ። ይሄ ማለት ገናን የሚያልፉት ትኩስ አትክልት ሳይኖር ወይም በጣም ጥቂት ሆኖ ነው። እዚያ "ፍሬሺ" ይሉታል። ሽንኩርት ለምዳችሁ ላደጋችሁ ሰዎች ይሄ ቀላል አይደለም። ቃሪያ በሕልሜ አየሁ። ሆኖም ምክንያቱን ካወቅሁ በኋላ አልተናደድኩም። ዝም ብሎ አሳርፎ ከሚሰብረው መዝጋቱ ትክክል ነው።

ሁለተኛ፣ ርቀቱ። 18 ኪሎ ሜትር ሲባል ቅርብ ይመስላል። ግን መንገዱ አመዳይ ነው፣ ፍጥነት የተገደበ ነው፣ እኛ የምንነዳቸው ትልልቅ ጎማ ያላቸው መኪኖች በዝግታ ነው የሚሄዱት። አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። መንገዱን የሚያሳዩት በቀርከሃ ላይ የተሰቀሉ ባንዲራዎች ናቸው። ቀይና አረንጓዴ ከሆነ መንገድ ነው፣ ጥቁር ካያችሁ አደጋ ነው፣ አትጠጉ። ደመና ሲወርድ መሬትና ሰማይ አንድ ይሆናል፤ ከባንዲራ ባንዲራ ነው የምሄደው። ለሹፌር ጥሩ ትምህርት ነው።

ሦስተኛ፣ አየሩ። ግማሽ መንገድ ሄዶ መመለስ አለ። ቡመራንግ ይሉታል። እኔም ስሄድ ገጥሞኛል፤ ብዙ ሰዓት በርረን ክራይስትቸርች ተመልሰን ወረድን። የመንደርደሪያው ጥፋት አይደለም።

ከሌሎቹ ጋር ላወዳድር። ሰው ብዙ ጊዜ ያደባልቃቸዋል። እ.ኤ.አ. 2023 ቦይንግ 787 ያረፈበት የኖርዌዩ ትሮል፣ ሰማያዊ ጠጣር በረዶ ነው። አውስትራሊያ ከኬሲ ጣቢያ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የሠራችው ዊልኪንስም በግግር በረዶ ላይ ነው፣ እሱም በበጋው አጋማሽ ይዘጋል። በረዶ ያለበት ቦታ ዕድለኛ ነው፤ ጥንካሬው ከተፈጥሮ ተገኝቷል። ከአመዳይ መሥራት ግን የሰው ልፋት ነው። ለፊኒክስ የቅርብ ዘመድ የሚሆነው ሩሲያውያን ፕሮግሬስ ጣቢያ አጠገብ የሠሩት ዜኒት ነው፤ 3,000 ሜትር፣ ከተጠቀጠቀ አመዳይ፣ ኖቬምበር 2022 ላይ ኢል-76 የሚባል የጭነት አውሮፕላን አርፎበታል። አውስትራሊያ ዴቪስ ጣቢያ አጠገብ 2,700 ሜትር የኮንክሪት መንደርደሪያ ልትሠራ አስባ በ2021 ተወችው። እኔ በመተዋ ደስ ብሎኛል። ኮንክሪት ከተፈሰሰ አይመለስም። ፊኒክስን ግን ዛሬ ጥገናውን ቢያቆሙ ማዕበሉ ቀስ በቀስ ይቀብረዋል፣ ያ ሁሉ ግግር በረዶም በዝግታ ወደ ባሕር እየሄደ ነው።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከ5 አራት ተኩል እሰጣለሁ። ግማሿን የቀነስኩት በሽንኩርቱ ምክንያት ነው፣ እውነቴን ነው።

ለመሄድ ላሰባችሁ፣ ሹፌርም ወጥ ቤትም ጽዳትም የሚቀጠር ሰው ስላለ ማለቴ ነው፣ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ከበረራ በፊት ሻንጣችሁንም እናንተንም ይመዝኗችኋል። ትልቁ ሻንጣ ከተጫነ በኋላ ቢመልሷችሁ እንኳ አታገኙትም፣ ስለዚህ መድኃኒትና የሁለት ሦስት ቀን ልብስ በእጅ ቦርሳ ያዙ። ጥቁር መነጽር ሳታደርጉ ከአውሮፕላኑ እንዳትወርዱ፣ ዓይን ያቃጥላል። ስትመለሱ ደግሞ ከጣቢያው ወደ መንደርደሪያው በሚወስዳችሁ መኪና ከመግባታችሁ በፊት፣ በሩ ላይ ቆማችሁ፣ የቦት ጫማችሁን ጥቁር አፈር በደንብ አራግፉ። ሹፌሯ "እንደገና አራግፉ" ካለቻችሁም እንደገና አራግፉ።